የካርታው ቀለም ሳይደርቅ

እስቲ ዛሬ ስለ ውሃ እንጫወት። ስለምንቀዳው ሳይሆን ሳንጠራው ስለሚመጣው።

«እኛ ባሕር የለንም፤ ባሕር ከፍ አለ ዝቅ አለ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ጋ እስክንደርስ ግን ትንሽ ራቅ ወዳለ አገር አብረን እንሂድ፤ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

የባሕር ወለል ከፍታ ነገር ሲሰሙት አያስደነግጥም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ አንድ ስንዝር መሆኑ ነው። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፤ በዋልታና በተራራ ላይ ያለው በረዶም እየቀለጠ ይጨመርበታል። በዚህ ክፍለ ዘመን ፍጥነቱ ጨምሮ በዓመት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ተጠግቷል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸ ነው። በአዘቦት ቀን ማንም ልብ የማይለው ጭማሪ፣ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ሌሊት ማዕበሉን ከግድቡ አናት በላይ ያሻግረዋል። ወንዙም ወደ ባሕር ልውረድ ሲል ባሕሩ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፤ መሄጃ ያጣ ወንዝ ደግሞ ወደ ሰው ደጅ ይመለሳል።

ስለ ሳይንሱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ግድቡ በየት በኩል ይለፍ? የማን ማሳ ለውሃ ይለቀቅ? የትኛው መንደር ይነሣ፣ የትኛውስ ይዳን? ይኸ ሁሉ ሲወሰን ውሃው ደጁ የሚደርሰው ሰው የት ነበር? በብዙ አገር መልሱ አንድ ነው፤ ቤቱ ነበር። ካርታው ከተሠራ፣ በጀቱ ከተያዘ፣ ተቋራጩ ከታወቀ በኋላ አዳራሽ ተጠርቶ ተነገረው። ቢያጨበጭብም ባያጨበጭብም ለውጥ የለውም። እኔ ይህን ተሳትፎ አልለውም። ሰው ተሳተፈ የሚባለው «እምቢ» ማለቱ ወይም «እንዲህ ብናደርገውስ?» ማለቱ እቅዱን ሊያስቀይር በሚችልበት ሰዓት ሲጠራ ነው።

ከሆላንድ እንጀምር። ከአገሪቱ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። በመካከለኛው ዘመን እዚያ ግድብ የመንግሥት ሥራ አልነበረም። ከግድቡ ጀርባ መሬት ያለው ገበሬ ሁሉ ከግድቡ ላይ ድርሻው ተለክቶ ይሰጠዋል፤ ያችን ቁራጭ መጠገንና መጠበቅ የርሱ ግዴታ ነው። የአንዱ ድርሻ ከተናደ ውሃው የሁሉንም ማሳ ይበላልና ቀልድ የለም። አቅም ያጣ ገበሬ ምን ያደርጋል? አካፋውን ግድቡ ላይ ይሰካና ቤተሰቡን ይዞ ይነሣል። ያንን አካፋ የነቀለ ሰው መሬቱን ይወርሳል፤ ግዴታውንም አብሮ ይሸከማል። ጨካኝ ሕግ ነው። ነገር ግን ከውሃው ጋር የሚኖረውና ስለ ውሃው የሚወስነው ሰው አንድ እንደነበር ያሳያል።

ከዚህ ልማድ የውሃ ምክር ቤቶች ተወለዱ። የራይንላንዱን የመሰሉት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ በዕድሜ ከብዙ የአውሮፓ መንግሥታት ይበልጣሉ። ዛሬ ቁጥራቸው 21 ነው። የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፤ አባሎቻቸውን ሕዝብ በየ4 ዓመቱ ይመርጣል። እዚህ ላይ ሮተርዳም፣ ዴን ሃግና አምስተርዳም ለምትኖሩ ወገኖቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት የሆላንድ ዜግነት አያስፈልግም፤ 18 ዓመት የሞላው፣ በአካባቢው የሚኖርና ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ሰው ይመርጣል። የምርጫ ወረቀቱ ቤታችሁ ሲመጣ ከማስታወቂያ ክምር ጋር አትጣሉት። የምትተኙበት ክፍል ከባሕር በታች ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አገር እንኳ ተቀጥቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1953፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ የሰሜን ባሕር ማዕበል ግድቦቹን ሰብሮ ገባ። በሆላንድ ብቻ 1,836 ሰው ሞተ። ግድቦቹ እንደማይበቁ ዮሃን ፋን ቬን የሚባል የመንግሥት መሐንዲስ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። በዚያች ሌሊትም የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ አደገኛ የውሃ ሙላት እንደሚመጣ ገልጾ ነበር፤ ራዲዮው ግን እንደ ልማዱ እኩለ ሌሊት ላይ ተዘጋ። ብዙው ሰው የነቃው ውሃው አልጋው ሥር ሲደርስ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ታላቅ እቅድ አወጣ፤ ባሕሩ ወደ አገሩ የሚገባባቸው አፎች አንድ በአንድ ይደፈኑ ተባለ። ሥራው ተጀምሮ ዓመታት ከሄደ በኋላ የሰፊው አፍ፣ የኦስተርስኬልደ ተራ ደረሰ። በዚህ ጊዜ የየርሰከ ከተማ ዓሣ አጥማጆች ተነሡ። ኑሯቸው የተመሠረተው በዚያ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሚያረቡት ሙሰልና ኦይስተር ላይ ነው፤ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ናቸው። አፉ ከተደፈነ ውሃው ጣፋጭ ይሆናል፤ እነሱም ያልቃሉ። የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎችና ተማሪዎች አብረዋቸው ቆሙ። በሌላ ወገን ደግሞ በ1953 ወላጅና ልጅ የቀበሩ የዚያው አካባቢ ሰዎች ነበሩ፤ «ይደፈን፣ ሁለተኛ አንቀበርም» አሉ። የሁለቱንም ሐዘንና ስጋት ማንም ማናናቅ አይችልም። ለዚህ ነው «ሕዝቡ እንዲህ ይፈልጋል» ብሎ በአንድ አፍ የሚናገር ሰው ስሰማ የምጠራጠረው። ሕዝብ አንድ ድምፅ የለውም፤ ጎረቤትና ጎረቤት፣ ባልና ሚስት ይለያያሉ። ማወያየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ክርክሩ መንግሥትን እስከ መፈተን ደረሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግማሽ መንገድ የሄደው እቅድ ተለወጠ። አፉ ከመደፈን ይልቅ 9 ኪሎ ሜትር በሚረዝም አጥር ላይ 62 ግዙፍ የብረት በሮች ተሠሩለት። በአዘቦት ቀን በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ባሕሩ እንደ ልማዱ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሙሰሉም ይኖራል። ማዕበል ሲመጣ ይዘጋሉ። ንግሥት ቤአትሪክስ በ1986 መርቃ ከፈተችው። ዋጋው ከመጀመሪያው እቅድ እጅግ በለጠ። ዛሬ የዓለም መሐንዲሶች ሊያዩት የሚጓዙበት ይህ ሥራ ከመሐንዲስ ጠረጴዛ ብቻ የተነሣ አይደለም፤ የዓሣ አጥማጅ እምቢታና የሐዘንተኛ ልመና አንድ ላይ የወለዱት ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ታሪክ ግን ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ ከብት አርቢዎች ዘንድ ያለው ነው።

በ1995 የሆላንድ ወንዞች ሞልተው 250,000 ያህል ሰው ከነከብቱ ከቤቱ ወጣ። ግድቦቹ እንደ ምንም ቻሉት። ባለሙያዎቹም ግድብን ዝንተ ዓለም ከፍ እያደረጉ መኖር እንደማይቻል አመኑ፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ እየበዛ፣ ከታች ያለው ባሕር እየተነሣ ነው። ስለዚህ ለወንዙ ቦታ ይለቀቅለት ተባለ፤ ከ30 በላይ ሥፍራዎች ተመረጡ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ለወንዙ የሚለቀቀው ቦታ ባዶ አይደለም፤ የሰው ማሳና የሰው ቤት አለበት።

ከነዚህ አንዱ በአገሪቱ ደቡብ፣ በማስ ወንዝ ዳር የሚገኘው ኦፈርዲፕ የሚባል ፖልደር ነው። ፖልደር ማለት ዙሪያውን በግድብ ታጥሮ ውሃው የተጠፈፈለት መሬት ነው። ስፋቱ 550 ሄክታር ገደማ ሲሆን ከ15 በላይ የወተት ከብት አርቢ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ መሬታቸው ለጎርፍ ማስተንፈሻ መታጨቱን ሰሙ። እንደ ማንኛውም ሰው ደነገጡ፤ ተቆጡም። ከዚያ ግን ተሰባስበው ቁጭ አሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ዕድሜውን፣ ልጆቹ ከብት ማርባቱን ይቀጥሉ እንደሆነ፣ ዕዳውን፣ ጉልበቱን አስቦ ልቡን ተናገረ። እኔ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ እኔ ካሳዬን ተቀብዬ ሌላ ቦታ ልሂድ፤ እኔ ከሥራው ልውጣ ተባባሉ። ሁሉም መቆየት እንደማይችል ራሳቸው አመኑ፤ ሁሉም መሄድ እንደሌለበትም እንዲሁ።

ከዚያም ከመንግሥት በፊት የራሳቸውን እቅድ ይዘው ቀረቡ። ጎርፉ ሲመጣ መሬቱን ይሸፍነው፤ ቤቶቹና በረቶቹ ግን በአፈር ጉብታ ላይ ወጥተው ይሠሩ አሉ። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሮማዊው ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የዚያ ዳርቻ ሰዎች በጉብታ ላይ ቤት ሠርተው፣ ባሕሩ ሲሞላ በውሃ ተከበው እንደሚኖሩ ጽፏል። ገበሬዎቹ የቅድመ አያቶቻቸውን ብልሃት ለመንግሥት መሐንዲስ መልሰው አቀረቡለት። የሰሜን ብራባንት አውራጃ አስተዳደር ደግሞ ሊመሰገን በሚገባው መንገድ «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» ብሎ አልመለሳቸውም። እቅዳቸውን ተቀብሎ ከነሱ ጋር ለዓመታት ሠራበት።

ግንባታው በ2010 ተጀምሮ በ2015 ተጠናቀቀ። በወንዙ በኩል ያለው ግድብ ዝቅ ተደረገ፤ በስተጀርባ አዲስ ግድብ ተሠራ። እሱን ተደግፈው 6 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው 8 ጉብታዎች ተከመሩ። በየአንዳንዱ ላይ አንድ ቤተሰብ ከነበረቱ፣ ከነማለቢያው፣ ከነመኖው ወጣበት። በአማካይ በ25 ዓመት አንዴ ወንዙ ግጦሹን እንደሚያለብሰው ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ ላሞቹ ከፍ ብለው በረታቸው ውስጥ ይቆያሉ። በዚህም ሙላት ሲመጣ የወንዙ ከፍታ 27 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ የሚድኑት ከላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበል፤ ገበሬዎቹ የተሠዉት ለሌላው ነው። መሬታቸው ውሃ እንዲጠጣ የፈቀዱት የከተማው ሰው በደረቅ ወለል እንዲተኛ ነው።

ሁሉም ደስ አለው ብዬ አላሳምርላችሁም። ከቤተሰቦቹ ግማሽ ያህሉ ያንን መሬት ለቀው ሄደዋል። ከመጀመሪያው ወሬ እስከ መጨረሻው ጉብታ 15 ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ነገ የት እንደሚሆን ሳያውቅ ከብት ማርባት ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሄደውም የቀረውም ምርጫው ምን እንደነበር ያውቃል። መርጦ የሄደና ተገፍቶ የሄደ ሰው የተለያዩ ናቸው።

የተገፋውን ለማየት ወደ ዌልስ እንሻገር። ፌርበርን የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር አለች፤ ቤቶቿ ከ400 ይበልጣሉ። የአካባቢው የባሕር ዳርቻ እቅድ ሲወጣ መንደሯን ከባሕር መከላከሉ በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ይህን ያወቁት በ2014 ከቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። የቤቶቹ ዋጋ ወዲያው ወደቀ፤ ባንክ ብድር አልሰጥም አለ። በጡረታ ገንዘቡ ቤት የገዛ ሰው ሊሸጠው የማይችል ቤት ታቀፈ። ባሕሩ ገና ሳይደርስ ዜናው መንደሯን አጥለቀለቃት። የባለሙያዎቹ ስሌት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልከራከርም። ካሳው ከየት ይመጣል፣ ወዴት እንሄዳለን የሚለው ግን ሳይመለስ ነው ዓመቱ የተነገራቸው። እንዲህ የሚደረግ ሰው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ማንኛውም ባለሙያ ጆሮውን አይሰጥም፤ እኔም አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ባንግላዴሽ እንውረድ። የገበሬ እውቀት ሲናቅ ምን እንደሚመጣ፣ ሲከበርም ምን እንደሚገኝ እንደዚያ አገር የሚያስተምር የለም።

በደቡብ ምዕራብ ባንግላዴሽ፣ በኩልናና በጀሶር በኩል፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ ወንዞቹን ሽቅብ ይገፋቸዋል፤ ደለሉንም ይዞ ይመጣል። የአገሬው ሰው ከዚህ ጋር መኖር ያውቅበት ነበር። በዓመት ለ8 ወር ያህል ዝቅተኛ የጭቃ ክትር ሠርቶ ጨዋማውን ውሃ ከማሳው ይከላከላል፤ ዋናው ዝናም ሲመጣ ክትሩ ይለቀቃል፤ ጣፋጩ ውሃ ደለሉን ማሳው ላይ አንጥፎለት ይሄዳል። መሬቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አፈሩም ይታደሳል።

በ1960ዎቹ በውጭ ገንዘብና በውጭ ባለሙያ ምክር ትልልቅ ቋሚ የአፈር ግድቦች ተሠሩ፤ ከ120 በላይ ፖልደሮች። ለጥቂት ዓመታት ሩዙ አማረ። ነገር ግን ማሳው ላይ ይነጠፍ የነበረው ደለል መግቢያ ሲያጣ ወንዙ ውስጥ ተቀመጠ። የወንዙ ወለል ከፍ አለ፤ በግድቡ ውስጥ ያለው መሬት ባለበት ቀረ። የዘነበው ዝናም መውጫ አጣ። በ1980ዎቹ ሰፋፊ የእርሻ ቦታዎች ዓመቱን ሙሉ ውሃ የተኛባቸው ረግረጎች ሆኑ። ከግድብ ውጭ ያለ ውሃ ሳይሆን ከግድብ ውስጥ ያለ ውሃ ሰውን አስራበ።

ገበሬዎቹ ጮኹ፤ የሰማቸው የለም። በ1990 ቢል ዳካቲያ በሚባለው ረባዳ ቦታ ሕዝቡ ወጥቶ ግድቡን በገዛ እጁ ቆረጠ። በኦክቶበር 1997 ደግሞ በሃሪ ወንዝ ዳር፣ በቢል ባይና እንዲሁ ተደረገ። ባሕሩ ሲሞላ በተቆረጠው በኩል ገባ፤ ደለሉን ረባዳው ላይ እያራገፈ፣ ሲጎድል የወንዙን ሆድ እየጠረገ ወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የረባዳው መሬት ከፍ አለ፤ ወንዙም ጠለቀ። ባለሙያዎች መጥተው ለኩት፤ አመኑም። መንግሥት ሕገ ወጥ ሲለው የነበረውን ሥራ ስም ሰጥቶ በልማት ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገባው። ባሕሩ እየተነሣ ባለበት ዘመን መሬትን አብሮ ከፍ የሚያደርግ ዘዴ ነውና ዛሬ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ከጅምሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠርተው ቢጠይቁ ኖሮ ያ ሁሉ የረኃብ ዘመን ባጠረ ነበር።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። ዘዴውን መንግሥት ከወሰደው በኋላ አሠራሩ ከገበሬው እጅ ወጣ። ውሃ ለዓመታት የሚገባበት ማሳ ባለቤት ያን ጊዜ ሁሉ አያርስም፤ ካሳ ይገባዋል። ካሳው ዘገየ፤ ለመቀበል የሚጠየቀው የመሬት ወረቀት በዛ፤ ብዙዎች ሳያገኙ ቀሩ። ስለዚህ በ2012 ተራው የቢል ካፓሊያ ሲሆን ነዋሪዎቹ እምቢ አሉ፤ ነገሩ ወደ ግጭት ሄደ። ሕዝቡ የፈጠረውን ዘዴ ራሱ ተቃወመው ማለት ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰውን አወያይቶ ገንዘቡን ማስቀረት ካለማወያየት የከፋ በደል መሆኑን ነው። ካሳው መቼ፣ በማን እጅ፣ በምን ማስረጃ ይከፈላል የሚለው ካልተጻፈ ውይይቱ አልተጀመረም።

ባንግላዴሽ ግን ሌላም የምትኮራበት ሥራ አላት። በ1970 በአንድ ዐውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው አልቆባታል። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች። ድምፅ ማጉያ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ አደጋው በቀረበ መጠን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ደግፈው ወደ መጠለያ ያወጣሉ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች። የሴቶቹ ነገር ዝም ብሎ ለቁጥር የገባ አይደለም። በ1991ዱ ዐውሎ ነፋስ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በር አንኳክታ «ነይ፣ ውጪ» የምትላት የራሷ ጎረቤት ስትሆን ቤቷን ጥላ ለመውጣት ትደፍራለች። በ2020 ብርቱው የአምፋን ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ በባንግላዴሽ የሞቱት ከ30 አይበልጡም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። ባሕር የለንም፤ ጎርፍ ግን አለን። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋን ያደረጋትን የሚረሳ የለም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ያ ወንዝ በአብዛኛው ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ዝናሙ የዘነበው ከላይ በደጋው ነው፤ ከተማው ተኝቷል። ደራሹ ውሃ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። በዚያው ክረምት ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው በላ፤ በጣና ዙሪያም ርብና ጉማራ ፎገራን አጥለቀለቁ። መተሐራ ያላችሁ ደግሞ የበሰቃን ነገር ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኖ ግጦሽና እርሻ ውጧል፤ የጅቡቲውን መንገድና የባቡር ሐዲድም ደርሶበታል። ዓመት ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ባሕሩ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ የራዲዮ ነገር ነበር። በ1953 ሆላንድ ውስጥ የጠፋው እውቀት አይደለም፤ እውቀቱን ሌሊት ይዞ በየቤቱ የሚደርስ ሰው ነው። እኛ ያ ሰው አለን። እድር አለን። በእያንዳንዱ ሰፈር ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻዋን እንደምትኖር፣ የማን ቤት ከወንዙ አፋፍ ላይ እንደተንጠለጠለ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት በተሻለ ያውቃሉ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለቅሶ የሚለፍፍ ጡሩምባ ነፊ አለን። ለሞተው የሚነፋው ጡሩምባ ሰው ሳይሞት ለጎርፍ ቢነፋ ምን ይከለክለዋል? በደጋው ያለው ቀበሌ «ዘንቧል፣ ውሃው እየወረደ ነው» ብሎ ለታችኛው እድር ስልክ የሚደውልበት ሥርዓት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጎርፍ እቅድ ሲወጣ እድርን በመጀመሪያው ቀን መጥራት ነው።

የፎገራ ገበሬም እንዲሁ። ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ሩዝ አብቅሎበት የሚኖር ሰው ነው። የቱ ውሃ ሲሳይ እንደሆነ፣ የቱ ጥፋት እንደሆነ፣ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከእግሩ ጭቃ ያውቀዋል። በርብና በጉማራ ዳር ክትር ሲታቀድ ይህ ሰው ካርታው ላይ እርሳስ ይዞ ካልተቀመጠ የቢል ዳካቲያ ታሪክ እኛም ዘንድ የማይደገምበት ምክንያት የለም።

ባለሙያ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ የለኝም። የዝናሙን መጠን፣ የአፈሩን ጥንካሬ፣ የሚቀጥሉትን 50 ዓመታት የሚያሰላው እሱ ነው፤ ገበሬው የሚያስታውሰው የኖረበትን ዘመን ጎርፍ ነው፤ የሚመጣው ደግሞ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

በሰፈራችሁ ወንዝ ዳር ግንብ ሊሠራ ነው፣ ሰው ሊነሣ ነው ተብሎ ስብሰባ ከተጠራ ሂዱ። ካልተጠራ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጃችሁን አውጡና «ይህ ካርታ ገና ሊለወጥ ይችላል ወይስ አልቋል?» በሉ፤ መልሱ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ካሳው ከየትኛው በጀት፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚከፈል ጠይቁ። ብቻችሁንም አትሂዱ። ያለፈው ጎርፍ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደደረሰ በጣታቸው የሚያሳዩ እናት በሰፈራችሁ አይጠፉም፤ እሳቸውን ደግፋችሁ ውሰዷቸውና ከፊት ወንበር አስቀምጧቸው።